«ጉግል ላይ ስፈልገው ለምን አይወጣም?»፦ ለባህር ዳር ነጋዴ የአሠራር መመሪያ

ፔዳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ሥራ አለኝ። ቢዝነስ ካርድ፣ ሜኑ፣ ባነር እሠራለሁ። ደንበኛው ካርዱን ተረክቦ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ይላል። «ቆይ ግን፣ ስሜን ጉግል ላይ ስፈልገው ለምንድን ነው የማይወጣው?» ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እመልሳለሁ። አሁን ጻፍኩት። ከእንግዲህ ሊንኩን ነው የምልከው።

መመሪያው ባህር ዳርና ጣና ዳር ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ፔንሲዮን፣ ጀልባ፣ ፀጉር ቤት ወይም ጋራዥ ላላችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ ድረ ገጽ አያስፈልጋችሁም። ማን እንደሚያስፈልገው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በምሳሌነት የምጠቅሳት ሐይቁ ዳር አሳ ቤት ያላት ደንበኛዬን ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በተራ ሠርታቸዋለች። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ አትጥራ» ብላኛለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስማርት ስልክ
- በንግዱ ስም አዲስ የተከፈተ ጂሜይል፣ የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ የተቀመጠ
- የማትቀይሩት ስልክ ቁጥር
- ንግድ ፈቃድና በር ላይ የተሰቀለ ታፔላ
- በቀን ብርሃን የተነሱ 15 ያህል ፎቶዎች
- ደብተርና እስክሪብቶ፤ አትሳቁ፣ ዋናው ዕቃ ይሄ ነው
- የዳታ ጥቅል፤ ቪዲዮ መላክ ስላለ ትንሹ አይበቃም

ስለ ጂሜይሉ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «የእህቴ ልጅ ይችላል» ይልና ልጁ በራሱ ጂሜይል ይከፍትለታል። ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ የይለፍ ቃሉም ይጠፋል። ከዚያ ሰዓት መቀየር፣ ስልክ ማስተካከል ቀረ። ልጁ ይርዳችሁ፣ ግን በእናንተ ጂሜይል፣ በእናንተ ስልክ ላይ።

ደረጃ 1፦ ደንበኛው የሚጠቀምበትን ቃል ሰብስቡ

ምንም ከመክፈታችሁ በፊት ደብተሩን አውጡ። ለአንድ ሳምንት የሚደውለው፣ ቴሌግራም ላይ የሚጽፈው፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው ያለውን እንዳለ ጻፉ። አታሳምሩት።

ደንበኛዬ ታፔላዋ ላይ «ባህላዊ የአሳ ምግቦች አዳራሽ» ብላ ነበር። ደብተሯ ላይ በሳምንቱ የተጻፈው ግን ይሄ ነው፦ «አሳ ኮተሌት አለ?»፣ «ሐይቁ ዳር መቀመጥ ይቻላል?»፣ «ዱለት ዛሬ አለ?»፣ «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?»፣ «ከጊዮርጊስ በየት በኩል ነው?» አዳራሽ ያለ አንድም ሰው የለም።

ለምን ያስፈልጋል? ፍለጋ ማለት ሰው የጻፈውን ቃል እናንተ ከጻፋችሁት ጋር ማገናኘት ነው። እሱ «ኮተሌት» ብሎ ሲፈልግ እናንተ «ባህላዊ ምግቦች» ብቻ ካላችሁ አትገናኙም። ኤስኢኦ (በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ የመውጣት ሥራ) እያሉ የሚያስፈራሯችሁ ነገር ግማሹ ይሄ ደብተር ነው።

ቃላቱን ከሰበሰባችሁ በኋላ አጻጻፋቸውን ተመልከቱ። የእኛ ፊደል እዚህ ጋ ጣጣ አለው። «ባህር ዳር» የሚል አለ፣ «ባሕር ዳር» የሚል አለ፣ አንድ ላይ «ባህርዳር» የሚልም አለ። «አሳ»፣ «ዓሳ»፣ «ዓሣ»። «ፀጉር» እና «ጸጉር»። «ሠርግ» እና «ሰርግ»። «ባህር» በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ከ«ኤች» ቀጥሎ «አይ» የሚጽፍም «ኤ» የሚጽፍም ሞልቷል። አንዱን ዋና አድርጋችሁ ያዙና ስማችሁን ሁልጊዜ በእሱ ጻፉ። ሌላውን አጻጻፍ መግለጫችሁና ልጥፎቻችሁ ውስጥ አልፎ አልፎ አስገቡት። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ከተጨነቃችሁ በስልካችሁ ሁለቱንም ፈልጉና የሚወጣውን አወዳድሩ።

ደረጃ 2፦ ጉግል ካርታ ላይ ተመዝገቡ

ከፌስቡክም ከቲክቶክም በፊት ይሄ ይቅደም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቲክቶክ ላይ ያለ ሰው ጊዜ እያሳለፈ ነው። ካርታ ላይ «አሳ ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ርቦታል።

1. በንግዱ ጂሜይል ጉግል ማፕስ ውስጥ ግቡ። ቀድሞ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል የነበረው አገልግሎት ከ2021 ጀምሮ ስሙ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነው። በድሮው ስም የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ስላሉ ግራ አትጋቡ።
2. መጀመሪያ ስማችሁን ፈልጉ። ደንበኛ ወይም ቱሪስት ቀድሞ አስገብቷችሁ ሊሆን ይችላል። ካለ አዲስ አትክፈቱ፣ የባለቤትነት ጥያቄ አቅርቡበት። ሁለት ካላችሁ አስተያየቱም ፎቶውም ለሁለት ይከፈላል።
3. ከሌለ ቢዝነስ ጨምር የሚለውን ነክታችሁ ስሙን ልክ ታፔላው ላይ እንዳለ ጻፉ።
4. የሥራ ዘርፍ ምረጡ። አንድ ዋና፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ተጨማሪ መምረጥ ይቻላል። ዋናው ጠበብ ያለ ይሁን። «ምግብ ቤት» ከማለት የአሳ ምግብ ቤት የሚለው ይሻላል።
5. ስልክ ስታስገቡ ዜሮውን አንሱና በ+251 ጀምሩ። ከውጭ የሚደውል እንግዳ ዜሮውን አያውቀውም።
6. መግለጫ ጻፉ። እስከ 750 ፊደልና ምልክት ይፈቀዳል። የደብተራችሁ ቃላት የሚገቡት እዚህ ነው።

ጉግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን እንደሚያስቀድም ሲናገር ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመድ፣ ርቀትና ታዋቂነት። ርቀቱ በእጃችሁ አይደለም። መዛመዱን የሚወስኑት ዘርፉና መግለጫው ናቸው። ታዋቂነቱን ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው የሚጠይቁት። ሳትቆርጡ በአንድ ትንፋሽ ቅረጹ። መንገዱንና ጎረቤቱን አሳዩ፣ ታፔላውን አሳዩ፣ በሩን በቁልፍ ክፈቱ፣ ወጥ ቤት ወይም ባንኮኒ ግቡ፣ ንግድ ፈቃዱን አቅርባችሁ አሳዩ። የሰው ፊት ባይገባ ይመረጣል። መልሱ ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ጥንቃቄ፦ ስም ላይ ቃል አትደርድሩ። «እገሌ አሳ ቤት ምርጥ ኮተሌት ባህር ዳር ሐይቅ ዳር» ብሎ መጻፍ ደንብ መጣስ ነው፤ ገጹ ሊታገድ ይችላል።

ሌላ ጥንቃቄ፦ «ከጉግል ነው የምንደውለው፣ ካርታ ላይ ለመቆየት ይክፈሉ» የሚል ሰው ከደወለ ዝጉበት። ምዝገባው ነጻ ነው።

ደረጃ 3፦ ፒኑን ከውሃው አውጡት

ደንበኛዬ ከተመዘገበች ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። «ሰው በካርታ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ይደውላል እንጂ አይደርስም» አለች። ከፍቼ ሳየው ፒኑ፣ ካርታው ላይ ቦታዋን የሚያሳየው ምልክት፣ ከዳርቻው ርቆ ጣና ውስጥ ነው። ጀልባ ላይ ሆና ነው እንዴ የተመዘገብሽው አልኳት። ለካ ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ስር ሆና ስልኩ ያለችበትን ቦታ ሲገምት እሺ ብላ አልፋዋለች።

እንዲህ አድርጉ። ደጃችሁ ላይ፣ ሰማይ በሚታይበት ቁሙ። የስልኩን ሎኬሽን ክፈቱና ሰማያዊው ነጥብ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩና ፒኑን በጣታችሁ ጎትታችሁ የራሳችሁ ጣሪያ ላይ አስቀምጡት። ሲያልቅ ሌላ ሰው በራሱ ስልክ ከሩቅ ተነስቶ እንዲመጣ አድርጉ። የእናንተ ስልክ ቤታችሁን ያውቀዋል፣ እሱ ፈተና አይሆንም።

የእኛ ከተማ መንገድ በስምና በቤት ቁጥር አይፈለግም። ስለዚህ ፕላስ ኮድ ጠቃሚ ነው። ካርታው ላይ ፒኑን ስትነኩ የመደመር ምልክት ያለበት የፊደልና የቁጥር ስብስብ ይወጣል፤ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሚያህል ቦታን ያመለክታል። ኮድና የከተማውን ስም አንድ ላይ የሚጽፍ ሰው ደጃችሁ ይደርሳል። ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይም አስገቡት።

ከኮዱ ጎን በሰው ቋንቋም አቅጣጫ ጻፉ። እዚህ ላይ «ድልድዩ ጋ» ማለት በቂ አይደለም። ግንቦት 2016 አዲሱ ከተመረቀ ወዲህ የአባይ ድልድይ ሁለት ነው። «ከአዲሱ ድልድይ ወደ አባይ ማዶ ስትሻገሩ በስተቀኝ» ዓይነት አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቡ

አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። ጉግል የእኛን ሰዓት አያውቅም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለእሱ 8 ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ለእሱ 9 ነው፣ ከቀትር በኋላ የሚለው ምልክት ተመርጦ።

ደንበኛዬ ከጠዋት 2 እስከ ማታ 3 ትሠራለች። እንዳለ 2 እና 3 ብላ አስገባች። ለጉግል ይሄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በእኛ ማለት ሆነ። ምሳ ላይ ችግር የለም። ከ9 ሰዓት በኋላ የፈለጋት ሁሉ ግን «ዝግ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበር የሚያየው። እራት ተመጋቢው ለምን እንደቀነሰ ወራት ፈጅቶባታል።

የበዓል ሰዓትም ለብቻው ይገባል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ቀኑም በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥር 11 የሚውለው ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (በአራት ዓመት አንዴ 20) ነው። በዓል ላይ ክፍት ከሆናችሁ ማሳወቁ ተገቢ ነው። እንግዳ የሚበዛው ያን ጊዜ ነዋ።

ደረጃ 5፦ ፎቶና አስተያየት

ፎቶ በዚህ ቅደም ተከተል አስገቡ፦ ከመንገድ የሚታይ በርና ታፔላ፣ ውስጡ፣ ዋናው ምርት፣ ሜኑ፣ መጸዳጃ ቤት። መጸዳጃ ቤት ያልኩት በቀልድ አይደለም። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚጨነቀው ስለ እሱ ነው።

ምግብ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ። የሌላ ቤት ፎቶ ከኢንተርኔት አትውሰዱ። በፎቶው የምትታየው አሳ የባህር አሳ ከሆነች የጣናን ቆሮሶ የሚያውቅ የከተማችን ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል።

ሜኑውን በፎቶ ብቻ አትተዉት፣ በጽሑፍም አስገቡት። ሰው የሚፈልገው በጽሑፍ ነው። የተጣመመ ፎቶ ላይ ያለ «ኮተሌት» የሚል ቃል ላይነበብ ይችላል፣ የተጻፈው ግን ይገኛል።

አስተያየት ደግሞ ከላይ ታዋቂነት ያልነው ነገር አንዱ ምሰሶ ነው። ፕሮፋይላችሁ ውስጥ አስተያየት መጠየቂያ ሊንክና ኪውአር ኮድ አለ። ኮዱን አትማችሁ ሂሳብ የሚቀርብበት ሳህን ላይ አድርጉት። የህትመት ሥራ ስላለኝ ነው እንዳትሉኝ፣ በተራ ወረቀት አትማችሁ በላስቲክ ብትሸፍኑትም ይሠራል። የምትጠይቁበት ሰዓት ግን ወሳኝ ነው፦ ደንበኛው በልቶ፣ «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ። ቤቱ ከገባ በኋላ ይረሳል።

መጥፎ አስተያየት ከመጣ በማግስቱ መልሱ፣ በዚያው ቀን ተናዳችሁ አይደለም። «አሳው ቀዝቅዞ መጣ» ላለ ሰው «ይቅርታ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ተጨናንቀን ነበር፣ አሁን አንድ ሰው ጨምረናል» ይበቃል። መልሱን የምትጽፉት ለእሱ ብቻ መስሎ አይታያችሁ፤ ነገ የሚያነበው ሰው ነው ዋናው።

ጥንቃቄ፦ አስተያየት እንዲጽፍላችሁ ብሎ ለደንበኛ ነጻ ለስላሳ ወይም ቅናሽ መስጠት ክልክል ነው። አጎት፣ አክስት፣ የሠፈር ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አምስት ኮከብ ቢሰጥም ጉግል ሊያጠፋው ይችላል። ባያጠፋውም ያስታውቃል።

ደረጃ 6፦ የቴሌግራም ቻናል

እዚህ አገር ዕቃ የሚገዛ ሰው ቴሌግራም ላይ ነው። ቻናል ክፈቱ፣ ግሩፕ አይደለም። ግሩፕ ውስጥ የሌላው ሰው ማስታወቂያና «እንደምን አደራችሁ» የእናንተን ዋጋ ይቀብረዋል።

1. ቻናሉን ፐብሊክ አድርጉት። ፕራይቬት ከሆነ ሊንኩ የሌለው ሰው በፍለጋ አያገኘውም።
2. ስሙን በአማርኛ፣ ሥራውንና ከተማውን ጨምራችሁ ስጡት። ከጉግል በተለየ እዚህ አይከለከልም። የሊንኩ ስም ግን በላቲን ፊደል ነው፣ ከአምስት ፊደል አያንስም። አጭርና በስልክ ሊነገር የሚችል ይሁን። «ሁለት ኤ ነው፣ ከዚያ ከታች ሰረዝ» እያላችሁ የምትዘረዝሩት ከሆነ ቀይሩት።
3. አንድ ልጥፍ ፒን አድርጉ፣ ማለትም ሁልጊዜ ከላይ እንዲቆይ። እዚያ ላይ ስልክ፣ የካርታ ሊንክ፣ የሥራ ሰዓት፣ የመክፈያ መንገድ ይኑር።
4. ልጥፍ መርሐ ግብር ማስያዝ ይቻላል። መላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ ምርጫው ይወጣል። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት የሳምንቱን አዘጋጁ።

አሁን ወደማልታገሠው ነገር ልምጣ። «ዋጋ በኢንቦክስ»። እባካችሁ ተዉት። ዋጋ ያልተጻፈበትን ልጥፍ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ «ውድ ስለሆነ ነው የደበቁት» ይላል። የሚጠይቀውም ቢሆን እናንተ እስክትመልሱ ሌላ ቤት ያዝዛል። ዋጋ ይለዋወጣል ካላችሁ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ።

ደንበኛዬ በፊት እንዲህ ትለጥፍ ነበር፦

«ውድ ደንበኞቻችን ጣፋጭና ልዩ ልዩ ምግቦችን ይዘን ቀርበናል ይምጡ ይጎብኙን!»

አሁን እንዲህ ትለጥፋለች፦

«ዛሬ ዓርብ። አሳ ኮተሌት 450 ብር፣ ሙሉ አሳ ጥብስ 600 ብር፣ የአሳ ዱለት እስከ 8 ሰዓት ብቻ። ሐይቁ ዳር 6 ጠረጴዛ አለ። ባህር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ መውረጃ። ለመያዝ ይደውሉ።»

ዋጋው ለምሳሌ ነው። ልዩነቱን ግን አያችሁት? ሁለተኛው ላይ ደብተሩ ውስጥ ከነበሩት ቃላት አብዛኞቹ አሉ። ቀኑም አለ። ዓርብና ረቡዕ፣ በተለይ ሁዳዴ ሲገባ፣ አሳ የሚጠይቅ ሰው ይጨምራል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትተን፣ ልጥፉን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማዘጋጀት ነው።

ጥንቃቄ፦ በአጭር መልእክት የሚመጣላችሁን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትንገሩ። «ተሸልማችኋል፣ ኮዱን ላኩልን» ብሎ ቻናል የሚነጥቅ ሞልቷል። ሴቲንግ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሩ።

ደረጃ 7፦ ፌስቡክና ቲክቶክ

ሁለቱንም ካልቻላችሁ አንዱን ምረጡ። ባዶ ገጽ ከሌለ ገጽ ይብሳል። የመጨረሻው ልጥፍ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሆነ ሰው «ተዘግተዋል» ብሎ ያስባል።

ፌስቡክ ላይ በግል አካውንት ሳይሆን በፔጅ ሥሩ። የግል አካውንት ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም፣ ሰርግና ለቅሶም አብሮ ይቀላቀልበታል። ፔጁ ላይ አድራሻ፣ ስልክና ሰዓት ካርታው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። አንዱ ላይ አሮጌ ስልክ፣ ሌላው ላይ አዲስ ስልክ ካለ ሰው ሁለቱንም አያምንም።

ቲክቶክ ላይ አጭር ቪዲዮ በቂ ነው። መጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በሎጎና በሙዚቃ አታባክኑ። አሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ ከሚንጫጫው ድምፅ ጀምሩ። «ባህር ዳር» የሚለውን ቃል በአፋችሁም ተናገሩት፣ ጽሑፉ ላይም አስገቡት። ሃሽታግ ሦስት አራት ይበቃል። አንዱ የከተማው፣ አንዱ የምርቱ፣ አንዱ የእናንተ።

የክፍያ ማስታወቂያ፣ ቡስት የሚሉት፣ መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም። ፒኑ ውሃ ውስጥ እያለ ቡስት ማድረግ ሰውን ከፍሎ ማስጠፋት ነው። ከዚህ ሆኖ መክፈል ስለሚያስቸግርም ብዙ ሰው በአማላጅ ያስከፍላል። በአማላጅ ከሆነ የይለፍ ቃል አትስጡ። ፔጁ ላይ የተወሰነ ፈቃድ ብቻ ስጡትና ሥራው ሲያልቅ አንሱት። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት የይለፍ ቃሌን ሰጥቼ ገጼ ላይ የጫማ ማስታወቂያ ሲወጣ ከርሟል።

ደረጃ 8፦ ድረ ገጽ፣ ለሚያስፈልገው ብቻ

ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ የጀልባ አገልግሎትና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ድረ ገጽ ያስፈልገዋል። እንግዳው ከሩቅ፣ ከሳምንታት በፊት ስለሚፈልግ። የሠፈር ሱቅ ከሆናችሁ ይሄን ደረጃ እለፉት።

የጀልባ አስጎብኚዎች የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። የፊት ገጹ ላይ «እንኳን ወደ ውቧ ባህር ዳር በሰላም መጡ» ይላሉ፣ ሌላ ነገር የለም። እንግዳው ግን ጥያቄ አለው። እያንዳንዱን ጥያቄ የራሱ ገጽ አድርጉት፣ ጥያቄውንም የገጹ ርዕስ፦

- ጢስ አባይ በየትኛው ወር ነው የሚሞላው? መልሱ ክረምቱ ሲያበቃ ነው፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ገደማ። በጋ ላይ የመጣ ሰው ቀጭን ውሃ አይቶ እንዳያዝን ቀድማችሁ ንገሩት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑንም ጨምሩ።
- ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት የትኞቹ ናቸው? ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፣ ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያስገባል። ባልና ሚስት ሆኖ የሚመጣ እንግዳ ይሄን ጀልባ ላይ ከሆነ በኋላ ሲሰማ ይከፋዋል።
- ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋውስ በሰው ነው ወይስ በጀልባ?

እነዚህን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ፣ ለየብቻ ገጽ። ለውጭ እንግዳ ጢስ አባይ «ብሉ ናይል ፎልስ» ነው። ሁለቱም ስም ገጹ ላይ ይኑር።

የተቀረው ቴክኒክ ነው፣ ለሠራላችሁ ሰው ስጡት። ፎቶዎቹን አሳንሶ ያስገባ፣ ገጹን በስልክ ከፍቶ ይሞክር። ጉግል ገጻችሁን የሚመዝነው የስልኩን ገጽታ ይዞ ነው። ጉግል ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጹ በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ) ላይ ያስመዝግበው፣ ነጻ ነው። ሳይትማፕም፣ ማለትም የገጾቹ ዝርዝር፣ ይላክ። «ሜታ ኪወርድስ (ገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቁ የፍለጋ ቃላት) እጨምርላችኋለሁ» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቃችሁ እምቢ በሉ። ጉግል እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 ነው። «በሳምንት አንደኛ አወጣችኋለሁ» የሚል ካለም እንዲሁ። አንደኛ የሚያወጣ ውል ሊሰጥ የሚችል ሰው የለም።

ደረጃ 9፦ በወር አንድ ጊዜ ቁጥሩን እዩ

ቢዝነስ ፕሮፋይል ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚል ክፍል አለ። ስንት ሰው እንደደወለ፣ ስንት ሰው አቅጣጫ እንደጠየቀ፣ በምን ቃል ፈልገው እንዳገኟችሁ ያሳያል። ቃላቱን ደብተሩ ላይ ገልብጡ። የሌለ አዲስ ቃል ካያችሁ መግለጫችሁ ውስጥ አስገቡት። ላይክ አትቁጠሩ። አቅጣጫ የጠየቀና የደወለ ነው ደንበኛ።

በር ላይም ጠይቁ፦ «በምን አገኙን?» ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ቀናት ኮምፒውተር የማይመዘግበውን ይሄ ይነግራችኋል።

አዘውትረው የሚገጥሙኝ ስህተቶች

*«ሁሉንም አድርጌያለሁ፣ አሁንም አልወጣም።» መቼ ነው የጨረስከው? «ትናንት።»* ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ስጡት። በየቀኑ ስም መቀያየር ነገሩን ያዘገየዋል፣ ማረጋገጫም ደግሞ ሊያስጠይቅ ይችላል።

*«እኔ ስልክ ላይ አንደኛ እወጣለሁ።»* ስልኩ ቤታችሁ ውስጥ ስላለ ነው። ርቀት ይቆጠራል ብያችኋለሁ። አባይ ማዶ ያለ ወዳጅ ይፈልግላችሁ።

*አንዱን ልጥፍ ሃምሳ ግሩፕ ውስጥ መበተን።* ሰው ሪፖርት ያደርጋል፣ አካውንቱ ይገደባል።

*ስልክ ቁጥሩ ፎቶው ላይ ብቻ መሆኑ።* ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ተነክቶ አይደወልም። በጽሑፍ ድገሙት።

*ቦታ ቀይሮ ካርታውን መርሳት።* ባለፈው ወር አንድ ፀጉር ቤት ፈልጌ በካርታ ሄድኩ። የደረስኩት ሲሚንቶ መሸጫ ነው። ባለ ሲሚንቶው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፤ በእጁ ወደ ማዶ እያመለከተ «ሦስተኛው በር» አለኝ።